የእርሻ ኩሬ የውሃ ከፍታ፦ ከጎጃም ገበሬዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዳንግላ እስከ ደጀን፣ በጓሮው ወይም በማሳው ጥግ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ኩሬ የቆፈረ ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ኩሬዬ ዓመቱን ሙሉ እንደሞላ መቆየት አለበት?

የለበትም። ዓመቱን ሙሉ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚከርም ኩሬ ወይ ምንጭ የሚገባበት ነው፣ ወይ ባለቤቱ ያልተጠቀመበት ነው። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ኩሬ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ቢሞላ፣ በጥር ከግማሽ በታች ቢወርድ፣ በግንቦት ደግሞ ደለሉ ወጥቶለት አዲሱን ጎርፍ ቢጠብቅ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጊዜው ግን እንደ አካባቢው ይለያያል። በአዊና በዳንግላ በኩል ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ኩሬው ጎድሎ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ግን ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ስለሚወጣ እያንዳንዷ ክንድ ውሃ ዋጋዋ ከፍ ይላል።

የውሃውን ከፍታ በምን ልለካ?

ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ እንጨት ይበቃል። ከታች ከወለሉ ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምስማር ይምቱበት ወይም በቀለም ያስምሩበት፤ በየግማሽ ሜትሩ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ወፍራም ምልክት ያድርጉ። ከዚያም ኩሬው ገና ደረቅ ሳለ ጥልቅ በሆነው ቦታ ይትከሉት። ኩሬው ፕላስቲክ የተነጠፈበት ከሆነ መትከል አይቻልም፤ የእንጨቱን እግር በቆርቆሮ ውስጥ በሲሚንቶ አቁመው፣ ከሥሩ የታጠፈ ጆንያ አንጥፈው ያስቀምጡት።

ንባቡን ሁልጊዜ በሳምንቱ አንድ ቀን፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይውሰዱና በደብተር ይጻፉት። ይህች ደብተር ከዚህ በታች ላሉት ጥያቄዎች ሁሉ መነሻ ናት። «ዘንድሮ ውሃው ቶሎ አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በየትኛው ሳምንት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። መፍትሔ የሚገኘው ግን ከቁጥሩ ነው።

ኩሬዬ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

አፉ 12 ሜትር በ12 ሜትር፣ ወለሉ 6 በ6፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ፣ ጎኑ ተዳፋት የሆነ ኩሬ እንውሰድ። ሲሞላ 252 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ ይህም ከ12,000 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአፉን የቆዳ ስፋት (ርዝመት ሲባዛ በወርድ) እና የወለሉን የቆዳ ስፋት ይደምሩ፤ በዚያ ላይ የመካከሉን የቆዳ ስፋት በ4 አባዝተው ይጨምሩ፤ ድምሩን በጥልቀቱ አባዝተው ለ6 ያካፍሉ።

ዋናው ነገር ግን ጠቅላላ መጠኑ አይደለም። የዚሁ ኩሬ የላይኛው አንድ ሜትር 121 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ መካከለኛው 81፣ የታችኛው 49 ብቻ። ስለዚህ በልኬት እንጨቱ ላይ ውሃው ግማሽ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ግማሽ ውሃ ቀረኝ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ የቀረው ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው።

ኩሬው እንዲሞላ ምን ያህል መሬት ጎርፍ ሊያመጣለት ይገባል?

ከኩሬው በላይ ሁለት ጥማድ ወይም ግማሽ ሄክታር ያህል ተዳፋት መሬት አለ እንበል። በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ከዚያ ውስጥ ሠላሳ በመቶው ቢፈስስ 45 ሜትር ኩብ ይገባል። እንዲህ ያለ ዝናብ ስድስት ጊዜ ቢጥል ከላይ የጠቀስነው ኩሬ ይሞላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም።

የሚፈስሰው መጠን ግን በመሬቱ ይወሰናል። በአዴትና በመራዊ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ የቢቸናና የእነማይ ጥቁር ዋልካ ግን አንዴ ከረጠበ በኋላ ውሃውን ከላይ ያንሸራትተዋል። የእግር መንገድ፣ የግቢ አውድማና የቆርቆሮ ጣሪያ ከማሳ ይልቅ እጅግ የተሻሉ የውሃ ምንጮች ናቸው፤ ደለላቸውም ትንሽ ነው። የጣሪያ ውሃ ወደ ኩሬው የሚሄድበትን መንገድ ሳያበጁ ከማሳ ጎርፍ መጥለፍ ቀላሉን ትቶ ከባዱን መጀመር ይሆናል።

የሰኔን የመጀመሪያ ጎርፍ ላስገባው ወይስ ልመልሰው?

ዝናቡ በቂ በሆነበት በምዕራቡ ጎጃም ይመልሱት። በሰኔ ማሳው ለጤፍ ተደጋግሞ ታርሶ ባዶውን ስለሚቆይ የሚመጣው ጎርፍ አፈርና እበት የሞላበት ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሰብሉና ሣሩ መሬቱን ሲሸፍነው የጎርፉ መልክ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መግቢያውን ይክፈቱ። ክረምቱ አጭር በሆነበት አካባቢ ይህ ቅንጦት ነውና የመጣውን ሁሉ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ አይሁን።

ጉድጓዱ ከመግቢያው ሁለት ሦስት ሜትር ቀደም ብሎ ይቆፈራል፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ ኩሬ ይበቃል። ጎርፉ እዚያ ሲያርፍ አሸዋውና ወፍራሙ አፈር ይቀራል። ከከባድ ዝናብ በኋላ በአካፋ ካልተጠረገ ግን በሳምንት ሞልቶ ጥቅሙ ያበቃል። የሚወጣው ደለል ወደ ጓሮ ቢበተን ለጌሾውም ለጎመኑም ይመቻል።

ማስተንፈሻ የግድ ያስፈልጋል? ስፋቱስ ምን ያህል ይሁን?

የግድ ነው። የኩሬውን ከፍተኛ የውሃ ልክ የሚወስነው በዳሩ የተሠራው የአፈር ግድብ ቁመት ሳይሆን የማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በር፣ ወለል ነው። ትርፍ ውሃ በተዘጋጀለት በር ካልወጣ በግድቡ አናት ላይ ይወጣል፤ በአፈር ግድብ አናት ላይ የወጣ ውሃ ደግሞ አንድ ቀጭን ቦይ አግኝቶ መቁረጥ ከጀመረ ኩሬውን ባዶ ለማድረግ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም።

የማስተንፈሻው ወለል ከግድቡ አናት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ጎርፍ የሚመጣበት መሬት እስከ 2 ሄክታር ከሆነ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዞ ሲፈስበት፣ በሴኮንድ 150 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ ይህም ለብዙው ከባድ ዝናብ ይበቃል። ጥርጣሬ ካለ ማስፋት እንጂ ማጥለቅ አይመከርም። በሩ ግድቡ ላይ ሳይሆን በጎኑ ባለው ያልተነካ ነባር መሬት ላይ ይቆረጥ። ወለሉን ሰርዶ ያልብሱት፤ ሰርዶ ሥሩ ከተያያዘ የሚፈስስ ውሃ አፈሩን አያነሣበትም። በግድቡ ጀርባ ላይ ደግሞ ደሾ ወይም ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ይትከሉ።

በነሐሴ መጨረሻ ማስተንፈሻውን በድንጋይና በጓል ደፍኜ ተጨማሪ ውሃ ብይዝስ?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ ብዙ ኩሬም የሚፈርሰው በዚህ ነው። በ12 ሜትር አፍ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር መጨመር 43 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ ፈተናው እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ግን ያ 50 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ የተተወው ለማዕበል፣ ለአፈሩ መስጠምና ለድንገተኛ ጎርፍ ነው። በጳጉሜን የሚጥል አንድ የሌሊት ዝናብ ሙሉውን ዓመት ሊያሳጣ ይችላል።

ተጨማሪ ውሃ የሚፈልግ ሰው በበጋ ግድቡን ያሳድግ፤ አፈሩን በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እያረጠበ ይጠቅጥቅ፣ ማስተንፈሻውንም በዚያው ልክ ከፍ ያድርግ። በክረምት አጋማሽ በጭቃ ላይ የተጨመረ አፈር ከሥሩ ጋር አይያያዝም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃው ቶሎ የሚወርደው ለምንድን ነው? ስርገት ነው ወይስ ትነት?

ሁለቱም አሉ፤ የየድርሻቸውን ለማወቅ ግን አንድ ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን በኩሬው ውሃ ይሙሉት፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጨምሩበት፤ ከዚያ አፉ ከኩሬው ውሃ በላይ ጥቂት ጣት ብቅ ብሎ እንዲታይ አድርገው ዳር ላይ ውሃው ውስጥ ያቁሙት። በባልዲው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የውሃውን ልክ በሚስማር ይጫሩ፤ በልኬት እንጨቱ ላይም ምልክት ያድርጉ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት፣ ኩሬው ሳይቀዳበትና ከብት ሳይጠጣበት ለአምስት ቀን ይተዉት። ከባልዲው የቀነሰው የትነት ነው። ከኩሬው የቀነሰው ትነትና ስርገት በአንድነት ነው። ልዩነቱ ስርገቱ ነው።

ምሳሌ፦ በአምስት ቀን ውስጥ የባልዲው ውሃ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የኩሬው 6 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩሉ በመሬት ውስጥ ሰርጓል። እንዲህ ያለ ኩሬ ከፀሐይ ይልቅ ለአፈሩ ይገብራል፤ ጥገናው ስርገቱ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ግን ወለሉ ጤነኛ ነውና ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

የትነቱን ልክ ለማመዛዘን ጣናን መመልከት ይረዳል። ከሐይቁ በዓመት የሚተነው ውሃ ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል ተብሎ ይገመታል፤ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፀሐዩም ነፋሱም ሲበረታ፣ ከዚህ ይጨምራል። ባልዲው ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ካሳየ ባልዲው ራሱ እንዳያፈስስ ይፈትሹ።

ስርገት ከበዛ በምን ላቁመው?

መጀመሪያ ቦታውን ይፈልጉ። ውሃው እየወረደ ሄዶ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ መውረዱ ድንገት ከቀነሰ፣ የሚያሰርገው ቦታ ከዚያ ከፍታ በላይ ባለው ጎን ላይ ነው። የሳምንቱ ደብተር ለዚህም ይጠቅማል። የቆየ ሥር፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ የፍልፈል ጉድጓድ ወይም የምስጥ ጎሬ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። እርሱን በጥልቀት ቆፍሮ አውጥቶ በረጠበ ዋልካ እየጠቀጠቁ መድፈን ኩሬውን ሁሉ ከማደስ ያድናል።

ወለሉ በሙሉ የሚያሰርግ ከሆነ፣ ቀይ አፈር ላይ እንደሚያጋጥመው፣ ዋልካ አምጥቶ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ሁለት ጊዜ ማልበስ ነው። ጎጃሜ ገበሬ ለጤፍ ማሳውን በከብት ማስረገጥ ያውቅበታል፤ ያው ሥራ ለኩሬ ወለልም ይሠራል። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ግን ከእጅ የማይንጠባጠብ እርጥበት ሲይዝ ከብቶቹን አስገብቶ ደጋግሞ ማስረገጥ ነው። ደረቅ ዋልካ ቢረገጥ ትቢያ ይሆናል፤ የበዛ ውሃ ያለው ደግሞ ይላቁጣል እንጂ አይጠጥርም።

ዋልካ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ባዶውን የከረመ የዋልካ ወለል በመጀመሪያው ጎርፍ ብዙ ውሃ በስንጥቁ ያስመልጣል። ከቻሉ ከወለሉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይተዉ፤ ካልሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲገባ አድርገው ስንጥቁ አብጦ እስኪዘጋ ይታገሡ።

ፕላስቲክ ካነጠፍሁ በኋላ ምን ያሰጋኛል?

ጂኦሜምብሬን የሚባለው የኩሬ ፕላስቲክ በደንብ ከተነጠፈ ስርገትን ያስቆማል፤ ትነትን ግን አይነካም። ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ የከብት ኮቴ፣ ሹል ድንጋይና ፀሐይ። ከብት በኩሬው ጠርዝ ቀርቦ እንዲጠጣ አይፈቀድ፤ ውሃው ወጥቶ በገንዳ ይሰጠው። ከመነጠፉ በፊት ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ ላዩ በለሰለሰ አፈር ይደልደል። ጠርዙ ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገብቶ በአፈር ካልተቀበረ የውሃው ክብደት ይጎትተዋል።

ፕላስቲክ የለበሰ ኩሬ ፈጽሞ ባዶ መሆን የለበትም። በወለሉ ላይ የሚቀረው ውሃ ፕላስቲኩን ከነፋስ ይይዘዋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ደግሞ በክረምት ከሥር እየተነሣ እንዳያሳብጠው ይከላከላል። ዳንግላ ዙሪያ የእጅ ጉድጓድ በጥቂት ሜትር ውሃ በሚያወጣበት መሬት ላይ ይህን በተለይ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እንዲያውም እንደዚያ ባለ ቦታ ከተነጠፈ ኩሬ ይልቅ የእጅ ጉድጓድ ይመረጣል።

ከኩሬው አጠገብ ያለው ባህር ዛፍ ውሃዬን ይጠጣዋል?

ያልተነጠፈ ከሆነ፣ አዎን። ባህር ዛፍ ሥሩን ወደ እርጥበቱ ይሰድዳል፤ ከዚያም ይልቅ የሚጎዳው ሥሩ በግድቡ ውስጥ ሲገባ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ በግድቡ ውስጥ ቧንቧ የመሰለ ክፍት መንገድ ይተዋል፤ ውሃውም ያንኑ ይከተላል። ግድቡ ላይ የበቀለን ማንኛውም ዛፍ ገና ችግኝ ሳለ ይንቀሉት። የቆየ ትልቅ ዛፍ ግድቡ ላይ ካለ ግን ዝም ብሎ መቁረጥ ችግሩን ያመጣዋል፤ ውሃው ዝቅ ባለበት በበጋ ከነሥሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው በዋልካ መጠቅጠቅ አለበት።

ውሃውን የሚሸፍን ተክል ብጨምርበት ትነቱ ይቀንሳል?

እምቦጭን ፈጽሞ አያስገቡ። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን የዳርቻው ነዋሪ በዓይኑ አይቶታል። እምቦጭ ላዩን ቢሸፍነውም በቅጠሉ የሚያስተንነው ውሃ ክፍት ከሆነ ውሃ ከሚተነው ይበልጣል፤ መሳቢያውን ይዘጋል፤ ከኩሬ ወጥቶም ወደ ወንዝ ይዛመታል። ትነትን ለመቀነስ የሚጠቅመው በነፋሱ አቅጣጫ፣ ከግድቡ ራቅ ብሎ የተተከለ አጥር መሰል ቁጥቋጦ፣ ወይም ለትንሽ ኩሬ ከላይ በእንጨትና በሣር የተሠራ ጥላ ነው። ኩሬ ሲቆፈርም ሰፊና ጥልቀት የሌለው ከሚሆን ጠባብና ጥልቅ ቢሆን ለፀሐይ የሚጋለጠው ያንሳል።

ውሃውን እስከ ሚያዝያ ማቆየት ይሻላል ወይስ ቀድሞ መጠቀም?

አብዛኛው ሰው ለክፉ ቀን ብሎ ያቆየዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ያው የ252 ሜትር ኩብ ኩሬ በመስከረም መጨረሻ ሞልቶ ምንም ሳይቀዳበት እስከ ግንቦት ቢቆይ፣ ምንም ስርገት ባይኖረው እንኳ አንድ ሜትር ከ10 ያህል ውሃ በትነት ብቻ ይሄዳል። ከጥልቀቱ ሲታይ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ነው፤ ግን የሄደው ሰፊው የላይኛው ክፍል ስለሆነ መጠኑ 130 ሜትር ኩብ፣ ከግማሽ በላይ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ውሃ ክፉው ቀን ሳይደርስ ተንኗል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ የላይኛውን ሁለት ሜትር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይጠቀሙበት። ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ጤፉ ወይም በርበሬው ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ የሚጠማ ከሆነ፣ 125 ሜትር ኩብ ውሃ ለአንድ ጥማድ ማሳ የ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ይሆናል፤ ይህች አንዲት ማጠጣት አዝመራን ታድናለች። የተረፈው ለሽንኩርት ይሁን። በዚህ ኩሬ ብቻ ሙሉ በጋ ሽንኩርት ማልማት የሚቻለው ግን 300 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ የሰፋ መደብ የተከለ ሰው በየካቲት እጁን አጣጥፎ ሲደርቅ ያየዋል።

የታችኛው አንድ ሜትር ለከብትና ለችግኝ ይቆይ። ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ የሚወስድበትም ያነሰ ነው። ጥቂት ከብት ላለው ቤት፣ አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ፣ አራቱ በወር ከ4 ሜትር ኩብ አይበልጥም። የበርበሬ ችግኝ በሚፈላበት በመጋቢትና በሚያዝያ ለመደብ የሚረጭ ውሃም ከዚያው ይገኛል።

ሞተሩ ውሃ አልስብ ይለኛል፤ ምን ሆኖ ነው?

አየር እየገባ መሆኑን መጀመሪያ ይመልከቱ፤ የመሳቢያው ጎማ መጋጠሚያ ከላላ ወይም ጫፉ ከውሃው ወለል ቅርብ ከሆነ አየር ይስባል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ መሳቢያ ሞተር በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ይስባል ይባላል፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ይህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ አይታመንም። የሞተሩ ጉልበትም በአየሩ መሳሳት ከአምስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩን ከማሳው አጠገብ ሳይሆን ከውሃው አጠገብ ያስቀምጡት፤ መግፋት እንጂ መሳብ አያስረዝሙበት።

ሞተር ሳይኖረኝ ውሃውን ዝቅ ማድረግ ብፈልግስ?

ከኩሬው በታች ተዳፋት ካለ ጎማ ይበቃል። ጎማውን በሙሉ ውሃ ውስጥ አስጥመው ይሙሉት፤ አንዱን ጫፍ በእጅ ደፍነው በግድቡ ላይ አሻግረው ከኩሬው የውሃ ልክ በታች ወዳለው ቦታ ይውሰዱትና ይልቀቁት። አየር እስካልገባበት ድረስ ራሱ ይስባል። ማቆም በሚፈልጉበት ከፍታ ላይ የውስጡን ጫፍ በእንጨት አስረው ቢያንጠለጥሉት ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ስቦ በራሱ ይቆማል።

ፍጥነቱ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ያልተነጠፈን ኩሬ በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አያውርዱ። ጎኑ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ የሚደግፈው ውሃ በድንገት ሲሄድበት ተንዶ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከግድቡ ግርጌ መሬቱ ረጥቦ አየሁ፤ ልስጋ?

ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ይዩት። ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ የአፈር ግድብ ሁሉ የሚያሳየው ዝግተኛ ስርገት ነው፤ በየቀኑ ይከታተሉት፣ በዙሪያውም ሰርዶ ይብቀልበት። ደፍርሶ ከመጣ ግን ውሃው ከግድቡ ሆድ አፈር እያወጣ ነው፤ ያ ቀዳዳ በየሰዓቱ ይሰፋል። ወዲያውኑ የጎርፉን መግቢያ ይዝጉ፣ ውሃውን ማውረድ ይጀምሩ፤ እዚህ ላይ የ30 ሴንቲ ሜትሩ ልክ አይሠራም፤ የጎን መናድ ከግድብ መፍረስ ይቀልላል። ከታች ቤት ካለ ለባለቤቶቹ ይንገሩ። ቀዳዳውን ከውጭ በኩል በጭቃ መድፈን አይጠቅምም፤ ውሃው ሌላ በር ይፈልጋል። መደፈን ያለበት በውስጥ በኩል፣ ውሃው ከወረደ በኋላ ነው።

ኩሬው ውስጥ ዓሣ ቢኖር ውሃው ምን ያህል መቆየት አለበት?

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለሚባለው ዓሣ ቢያንስ አንድ ሜትር ይቆይ። ውሃው ሲወርድ ያው ዓሣ በጥቂት ውሃ ውስጥ ይጨናነቃል፤ ማለዳ ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ሲስቡ ካዩ አየሩ አንሷቸዋል፤ አዲስ ውሃ መጨመር ወይም ቶሎ ማጥመድ ነው። በደጋው ቀዝቃዛ ውሃ ቆሮሶ እጅግ ቀስ ብሎ ያድጋልና ከመጀመርዎ በፊት ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ያማክሩ። ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ያድርጉ፤ ወንፊቱ ግን በቅጠል ተዘግቶ ውሃውን እንዳያግድ በክረምት በየቀኑ ይጠረግ።

ኩሬው ወባ ያመጣብናል?

ወባ ባለባቸው ቀበሌዎች ሊያመጣ ይችላል፤ ጥልቁ ውሃ ሳይሆን ዳር ዳሩ ነው ጥፋቱ። የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ የረጋና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ ዱካ፣ ሣር የበቀለበት ጠርዝ፣ ከማስተንፈሻው በታች የተኛ ኩሬ። ጎኑን ቀጥ ያለ ተዳፋት ያድርጉ፤ ከውሃው ጋር የተነካካውን ሣር ይጨዱ፤ ዱካዎቹን ይድፈኑ። ወባ በሚበረታበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማሳዎን በሳምንት አንዴ አሰባስበው ሲያጠጡ የውሃው ልክ በአንዴ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ፣ ዳር ላይ ያለው እጭ ደረቅ ላይ ይቀራል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመቅዳት ይህ ይሻላል።

ልጆችና ከብቶች እንዳይገቡበት ምን ላድርግ?

ይታጠር። ከእሾህ አጥሩ በተጨማሪ ፕላስቲክ በተነጠፈ ኩሬ ጎን ላይ፣ ከአናቱ እስከ ወለሉ የሚደርስ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ገመድ በጠንካራ ችካል ላይ ታስሮ ሁልጊዜ ይንጠልጠል። እርጥብ ፕላስቲክ ያንሸራትታል፤ ዋና የሚችል አዋቂ እንኳ ያለ ገመድ ሊወጣ አይችልም። ይህ ነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ ኩሬው ውሃ ከመያዙ በፊት ይሁን።

ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ብጠልፍ ወይም ትርፉን ብለቅ ጎረቤቴ ሊከሰኝ ይችላል?

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሀገሪቱ ሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ከብት እርባታና በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ግን ፈቃድ አያስጠይቅም። በገዛ ይዞታዎ ላይ የሚጥለውን ዝናብ ማጠራቀም አያስወቅስም። ክርክር የሚነሣው ሌላ ቦታ ነው፦ የታችኛው ገበሬ ከአባቱ ጀምሮ የሚጠቀምበትን ቦይ ሲያጥፉበት፣ ወይም ማስተንፈሻዎ ከዚህ ቀደም ጎርፍ ባልነበረበት ማሳው ላይ ሲያወርድበት።

ስለዚህ ማስተንፈሻውን ከመቁረጥዎ በፊት የሚወጣው ውሃ የት እንደሚደርስ በእግርዎ ይከተሉት። ነባር የውሃ መውረጃ እስኪገናኝ ድረስ በሰርዶ የለበሰ ቦይ ያብጁለት፤ ቦዩ በጎረቤት ይዞታ የሚያልፍ ከሆነ የውሃ አባቱ (የመስኖ ውሃ አከፋፋዩ) እና የልማት ሠራተኛው ባሉበት ይስማሙ። ስምምነቱ የቦዩን ስፋት፣ ደለሉን በየዓመቱ የሚጠርገውን ሰው፣ ግድቡ ቢፈርስ ጉዳቱን የሚሸፍነውን ወገን ይጥቀስ፤ በጽሑፍ ሆኖም በሽማግሌ ይፈረም። ትርፉን ውሃ ጎረቤትዎ ራሱ ኩሬ ቆፍሮ ሊቀበለው ከፈለገ ደግሞ የሁለቱን ማስተንፈሻዎች ልክ አብራችሁ ለኩ፤ የእርሱ ኩሬ ሲሞላ ውሃው ወደ እርስዎ ግድብ ግርጌ እንዳይመለስ የእርሱ ማስተንፈሻ ወለል ከግድብዎ ግርጌ በታች መሆን አለበት።